የሠራተኛ ደመወዝና የመሪ ቤት

ስለ ድኾች የተከራከረ ሰው ራሱ ድኻ ሆኖ ቢቀር እንደ ሞኝ ሊቈጠር ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በናይሮቢ በሠራተኞች ትግል ታሪክ ውስጥ በግልጥ ተነሥቶአልና፥ ወዳጆቻችን ሆይ፥ ጥቂት ልናስብበት ወደድን።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. የሕንድ ተወላጅ የሆነው ማካን ሲንግና ኬንያዊው ፍሬድ ኩባይ የምሥራቅ አፍሪካን ሠራተኞች ማኅበራት በአንድ ኅብረት አገናኙ። በሜይ 15 ቀን 1950 ዓ.ም. ሁለቱም ተያዙ፤ የናይሮቢም ሠራተኛ ሥራውን አቆመ። የጠየቀውም የታሰሩት እንዲፈቱ፥ ዝቅተኛውም የወር ደመወዝ 100 ሽልንግ እንዲሆን ነበር። ከተማይቱ የከተማነትን ማዕርግ በታላቅ በዓል ከተቀበለች ገና ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። መንግሥት አድማውን በፖሊስ ኀይል ሰበረው፤ ማካን ሲንግም እስከ 1961 ዓ.ም. በግዞት ቈየ።

ሥራ ማቆም ዐመፅ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። እጁን የሰበሰበ ሠራተኛ የማንንም ንብረት አልወሰደምና፤ ደመወዝን የሚያስቀር ግን የሰውን ዕድሜ ይወስዳል። ሐዋርያው ያዕቆብም ባለጠጎችን የገሠጸው በዚሁ ነገር ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1965 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት ስለ አፍሪካ ሶሻሊዝም ዐዋጅ መሰል ጽሑፍ አወጣ፤ የጥንቱ መረዳዳት የአገሪቱ መሠረት እንዲሆን ተጻፈ። መሬቱ ግን ይተላለፍ የነበረው በገንዘብ ነው፤ ገንዘብ የሌለው በምን ይገዛዋል? ከኬንያታ ጋር አብሮ የታሰረው፥ ቀድሞ የሠራተኞች መሪ የነበረው ቢልዳድ ካጊያ መሬት ለሌላቸው በነጻ ይሰጥ በማለቱ በ1964 ዓ.ም. የመንግሥት ሹመቱን አጥቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ኬንያታ በሕዝብ ፊት የእስር ባልንጀሮቹን ቤትና የቡና እርሻ እየጠቀሰ፥ አንተስ ለራስህ ያገኘኸው ምንድር ነው ብሎ ነቀፈው። ጥሩ ቤት አለው ተብሎ የተጠቀሰው አንዱ ያው ኩባይ ነበር።

ቤት መሥራት ኀጢአት አይደለም፤ በወኅኒ የተንገላታም ሰው ጣራ ይገባዋል፤ ኩባይንም ልንፈርድበት አንሻም። ነገር ግን ያ ጥያቄ ነጻነትን እያንዳንዱ ወደየጎተራው የሚያስገባው አዝመራ አደረገው። 100 ሽልንግ የጠየቀው ሠራተኛ ለአንድ መሪ ቤት ብሎ ሥራውን አላቆመም።

ካጊያ በ1966 ዓ.ም. ከገዢው ፓርቲ ወጥቶ ከኦጊንጋ ኦዲንጋ ጋር ተቃዋሚ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በምርጫ ተሸነፈ። በ2005 ዓ.ም. ሲሞትም ባለጠጋ አልነበረም።