ጌታዬ

ባለፈው ሰሞን አንድ መኪና የሚጠብቅ ልጅ «ጌታዬ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ» አለኝ። ሃያ ብር ሰጠሁት። ወዲያው ከኋላዬ የመጣውንም ሰውዬ «ጌታዬ» ሲለው ሰማሁና፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ቅር አለኝ። ለካ ጌትነቴ የሃያ ብር ኖሯል!

ነገሩ የቆየ ነው። የጥንት ሮማውያን «ዶሚኑስ» የሚሉት ቃል ነበራቸው። «ዶሙስ» ቤት ነው፤ ዶሚኑስ ደግሞ የቤቱ አዛዥ፣ እኛ «ባለቤት» እንደምንለው ዓይነት። ታዲያ በዚያ ዘመን ቤት ሲባል ግድግዳና ጣራው ብቻ አይደለም፤ ባሪያውም ከቤቱ ንብረት ይቆጠራል። ነጻ ሰው ሌላውን «ዶሚኔ» ካለ፣ ቃሉን እንደ ቃሉ ከወሰድነው፣ «ንብረትህ ነኝ» ማለቱ ነው።

አውግስጦስ ቄሳር ይህ ገብቶት ነበር። ስዌቶኒዩስ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ቲያትር ሲያይ ተዋናዩ ስለ ደግና ፍትሐዊ ጌታ ተናገረ። ሕዝቡ ለቄሳር የተባለ አድርጎ ወስዶት በደስታ ጮኸ። አውግስጦስ በእጁ ምልክት ዝም አሰኘው፤ በማግስቱም በአዋጅ ገሠጸው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እንኳ ለቀልድም ቢሆን በዚህ ስም እንዳይጠሩት ከለከለ። ልብ በሉ፣ ጦሩ በእጁ ነው፤ የተወው ቃሉን ብቻ ነው። ማስመሰል ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ እኔ ግን በስሙ የሚያፍር ገዥ ከማያፍረው ይሻለኛል። እ.ኤ.አ. ከ81 እስከ 96 የገዛው ዶሚሺያን «ጌታችንና አምላካችን» መባልን ወደደ፤ የገደሉት የገዛ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች ናቸው።

ቃሉ ግን ረክሶም ነበር። ፈላስፋው ሴኔካ እንደሚነግረን፣ ሮማውያን መንገድ ላይ ያገኙት ሰው ስሙ ከጠፋባቸው «ዶሚኔ» ብለው ያልፉት ነበር። እንዲህ ሲሆን ባዶ ቃል ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ጓዳ ውስጥ ያለው ባሪያም ያንኑ ቃል ነው የሚለው፤ ልዩነቱ እሱ ቢተወው መገረፍ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ የክብርና የውርደት ድንበር እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉን ሳትለው ብትቀር ምን ይደርስብሃል?

«ዶሚና» የሴቷ ነው። «እመቤቴ» የሚለው የላቲን አጠራር በፈረንሳይኛ አፍ ተለውጦ «ማዳም» ሆነ። በፓሪስ ዳቦ ቤት የሚሰማ ተራ ትሕትና ነው። ቤይሩት ላይ ግን የኛ ልጅ አሠሪዋን «ማዳም» ትላለች፤ በከፋላ አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከዚህችው ማዳም ጋር የታሰረ ነው፣ ብዙ ጊዜም ፓስፖርቷ የማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቃሉ ሁለት ሺህ ዓመት ዞሮ ዞሮ ወደ ድሮ ቤቱ ገባ ማለት አይደል?

የመኪና ጠባቂው ነገር ስለከነከነኝ በሌላ ቀን ተመልሼ «ጌታዬ አትበለኝ» አልኩት። «ታዲያ ማን ልበልዎ?» አለኝ። ስሜን ነገርኩት። የእሱን አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።