ዶሮዋን ያዩ ሰዎች

ጆን ዊልሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተረከው አንድ ገጠመኝ አለ። በአንድ የአፍሪካ መንደር አንድ የጤና ተቆጣጣሪ ፊልም ያነሳል። ፊልሙ አምስት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ግቢ ውስጥ የታቆረ ውሃ እንዴት እንደሚደፋ፣ ወዳድቆ ውሃ የሚይዝ ባዶ ጣሳ እንዴት እንደሚለቀም ያሳያል። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ያጎነብሳል፣ ጣሳውን ያነሳል፣ ውሃውን ያፈሳል፣ ይሄዳል። ዝግታው ሆን ተብሎ ነው፤ ባላገሩ እንዲገባው። ፊልሙን ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው አዩት። ሲያልቅ “ምን አያችሁ?” ተባሉ።

“ዶሮ” አሉ።

አንሺዎቹ ዶሮ መኖሩን አያውቁም ነበር። ተመልሰው ምስሉን አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ እውነትም አንዲት ዶሮ ደንግጣ ለአንድ ሰከንድ ያህል በታችኛው ጥግ በኩል በርራ ታልፋለች። በኋላ ተመልካቾቹ ደጋግመው ሲጠየቁ ሰውየውንም እንዳዩት ተናገሩ። ነገር ግን ሥራውን ከዳር እስከ ዳር እንደ ታሪክ አልተከታተሉትም። ማርሻል ማክሉሃን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው “ዘ ጉተንበርግ ጋላክሲ” ውስጥ ይህን ገጠመኝ ካስገባው ወዲህ፣ ስለ ትምህርታዊ ፊልም የሚያወራ ሁሉ ዶሮዋን ሳያነሳ አያልፍም።

ከዶሮዋ የተወሰደው ትምህርት ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፊልም ማየት እንደ ንባብ የሚለመድ ነገር ስለሆነ፣ ያልለመደ ዓይን ምስሉን በሙላት ሊያይ አይችልም ይባላል። ነገሩ ከዊልሰንም በፊት የነበረ ነው። ዊሊያም ሴለርስ በናይጄሪያ የጤና ሠራተኛ ነበር፤ ፊልም ማንሳት የጀመረውም እዚያው ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1939 ለቅኝ ግዛቶቻቸው የፊልም ክፍል ሲያቋቁሙ ኃላፊ አደረጉት። የሴለርስ ደንቦች ግልጽ ነበሩ። ፊልሙ ይዝገም፣ የካሜራ ጨዋታ አይኑርበት፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አይዝለል፣ ነገሩ ሁሉ በቅደም ተከተል ይታይ። ከቦታ ቦታ የሚቆራረጥ ምስል ባላገሩን ግራ ያጋባዋል ተብሎ ይታመን ነበርና። ክፍሉ እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ቆየ።

እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የጎጃም ቡሬ ገበያ ነው።

ቡሬ ገበያ ላይ ጣሳ ማለት መስፈሪያ ነው። ኑጉም፣ ሽንብራውም፣ ባቄላውም በጣሳ ይሰፈራል። ሻጯ ጣሳውን ሞልታ በመዳፏ ታስተካክለዋለች፣ ገዢዋ “ትንሽ ክምር አድርጊበት እንጂ” ትላለች፣ ሁለቱም ጣሳዋ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይከራከራሉ። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ጠላው የሚጠጣው በጣሳ ነው። የተበሳው ጣሳ እንኳ አይጣልም፣ ችግኝ ይተከልበታል። እንግዲህ እንዲህ ካለ አገር ሄዶ “ባዶ ጣሳ ቆሻሻ ነው” የሚል ፊልም ማሳየት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ዶሮዋም ብትሆን እንዲሁ የምትታለፍ አይደለችም። ዶሮ ሳታስበው ደንግጣ ስትበር ለገጠር ሰው ወሬ ነው። ወይ ጭልፊት ከላይ አለ፣ ወይ ውሻ ገብቷል፣ ወይ እንግዳ መጥቷል። እናቴ ወጥ እያማሰለች ዶሮ ስትጮህ ከሰማች ማማሰያውን እንደያዘች ነበር የምትወጣው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ፊልም ውስጥ ሳይታዘዝ የተንቀሳቀሰ ነገር ቢኖር ዶሮዋ ብቻ ናት። ጣሳ የሚያነሳው ሰው “ቀስ በል” ተብሎ የሚራመድ ነው። መራመዱም፣ ማጎንበሱም ጨዋታ መሆኑ ያስታውቃል። ሠላሳው ሰው እውነተኛውን ነገር አይተው እውነተኛውን ነገር ተናገሩ። ግራ የተጋቡት አንሺዎቹ ናቸው፤ በገዛ ፊልማቸው ውስጥ የነበረውን አላዩም።

ያን ዘመን የሠሩት ሁሉ ሰነፎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1943 ለአሜሪካ መንግሥት የሠራው የወባ ፊልም ዛሬም ቢታይ ያስቃል። ትንኟ እንደ ወንበዴ “ትፈለጋለች” ተብሎ ማስታወቂያ ይለጠፍባታል፣ ከዚያ የስኖው ኋይት ሰባት ድንኮች ረግረጉን ሲያደርቁ፣ አጎበር ሲዘረጉ፣ ውሃ ላይ ዘይት ሲያፈሱ ይታያሉ። ለላቲን አሜሪካ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን ዞሯል። ነገር ግን ይህን ፊልም የእኛ አገር ደገኛ እንዴት እንደሚያየው ሳስብ፣ ስለ ወባ ራሱ የሚያውቀውን ማስቀደም ይኖርብኛል። ደገኛ ወባን ያውቃታል። ቢንቢን ስሟን ባይጠራ እንኳ ቦታዋን ያውቃል። ቆላ ወርዶ ማደር፣ ዝናብ ሲያባራ ወንዝ ዳር መቆየት ንዳድ እንደሚያመጣ ከአያቱ ሰምቷል። ቤቱን ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሠራው ለነፋሱ ብቻ አይደለም።

ያ እውቀት የተሸነፈው በ1951 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጸው ወባ ቆላውን አልፋ ደጋው ጫፍ ላይ ወጣች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው አገር፣ የለመደ ገላ በሌለበት፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም የተቀመጡት በዚሁ ከፍታ መካከል ነው። “ደጋ ወባ የለም” ብሎ ያደገ ሰው በቤቱ ታመመ። ብዙም ሳይቆይ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመና ዲዲቲ የሚረጩ ሰዎች ጀርባቸው ላይ መርጫቸውን አዝለው መንደር ለመንደር ይዞሩ ጀመር። ለዚህ ሰው መነገር የነበረበት “ቢንቢ ወንበዴ ናት” የሚለው አይመስለኝም። “አያትህ ያስተማሩህ ልክ ነው፣ ዘንድሮ ግን ቆላው ወዳንተ መጥቷል” ቢባል የሚሰማ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ፊልም ሆሊውድ ተቀምጦ አይሠራም።

ካሜራ ይዞ ጎጃም ገጠር የሚገባ ሰው ሌላም ጣጣ ነበረበት። የካሜራው ማቆሚያ ባለ ሦስት እግር ነው፤ የቀያሽም መሣሪያ እንዲሁ። በርስት አገር ውስጥ ባለ ሦስት እግር ብረት ሜዳ ላይ ተክሎ በአንድ ዓይን አሻግሮ የሚያይ ሰው ቃላድ ጣይ ነው። ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ የማሳ ገማቾች ሲላኩ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደብረ ማርቆስ ተነሡ። ገበሬው ግብሩ ብሎ ብሎ ርስቱን የሚያስቆጥር መሆኑን ጠረጠረ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ፣ በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡና ውዝፉ ግብር ተሰረዘ። “ምስል ማገናኘት አይችልም” የተባለው ባላገር የአንድን ቆጣሪ መዝገብ ከልጅ ልጁ ርስት ጋር ለማገናኘት ማንም አላስተማረውም።

ስለ ማገናኘት ከተነሣ የመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ሊታለፍ አይችልም። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳየበት “ያልታወቀው ረሃብ” የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም እንግሊዝ አገር የታየው ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ ቆራረጠው። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት ይታያሉ፣ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ድግስ። የሚሞት ሰው ይታያል፣ ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ። እንዲህ ሆኖ በእንቁጣጣሽ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያደረገው መቀስ ብቻ ነው፤ ድግሱና ረሃቡ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ አልነበሩም። ሴለርስ “ባላገር አይገባውም” ብሎ የከለከለው ዝላይ ማለት ይሄ ነው። የገባው ሰው ግን በዝቶ ነበር።

አዲስ አበባ ሲኒማ የለመደች ከተማ ናት ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ የመጀመሪያውን ሲኒማ “ሰይጣን ቤት” ብላ ከጠራች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏት ነበር፣ ቴሌቪዥንም ከገባላት አሥር ዓመቷ ነው። ጎጃም ገጠር ግን ወሬው የተሰማው በሬዲዮ ብቻ ነው። እንግዲያው ወደ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ወደ ዶባ ወረዳ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2010 ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ቴሌቪዥን ብርቅ በሆነበት በዚያ ገጠር አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። በፊልሙ ላይ ያሉት እንደ ተመልካቾቹ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ በእርሻ ወይም በትንሽ ንግድ ያለ መንግሥትም ሆነ ያለ ድርጅት ድጋፍ ኑሯቸውን ያቀኑ ሰዎች ናቸው። “እንዲህ አድርግ” የሚል ተቆጣጣሪ የለበትም። ሌሎች ሰዎች ለማነጻጸሪያ ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም አዩ። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢ ፊልሞቹን ያዩት በቁጠባና ልጅን ትምህርት ቤት በማስገባት ብልጫ አሳዩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩም ልዩነቱ አልጠፋም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ለሚወስድ ፊልም ይህ ብዙ ነው። ተመልካቹ ፊልሙ ውስጥ ያገኘው የራሱን ግቢ ነዋ፤ ዶሮ ካለፈች የራሱ ዶሮ ናት።

አሁን ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ መንገዱ ሰላም ሳለ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ጃቢ ጠህናን ውስጥ አንድ ገበሬ ቤት ማታ ተሰብስበናል። የልማት ሠራተኛዋ መዳፍ የምታህል ፕሮጀክተር ይዛለች። ግድግዳው በእበት የተለቀለቀ ስለሆነ ነጠላ ተሰቀለበት፤ ጥበቡ በታችኛው ጠርዝ በኩል ነበርና ፊልሙ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ጥበብ ላይ የቆሙ መሰሉ። ፊልሙ ጤፍን በመስመር ስለ መዝራት ነው። ተናጋሪው ገበሬ የአካባቢው ሰው ስለሆነ አነጋገሩ የእኛው ነው። በበትን ሲሆን ለሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይገባል፣ በመስመር ግን 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል ይላል። ገመድ ይወጠራል፣ መስመር ይወጣል፣ ዘሩ በጣት እየተቆነጠረ ይንጠባጠባል። ልጅቱ ጎበዝ ናት። በየመካከሉ እያቆመች ትጠይቃለች፣ ሴቶቹንም ታናግራለች። ጓዳ በር ላይ የቆመች አንዲት እናት “ዘሩ ከተረፈማ ለእንጀራ ነው” አለችና ሁሉም ሳቁ።

ሲያልቅ “እህ፣ ምን አያችሁ?” አለች።

መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ “ስድስት ሰው” አሉ።

“ምን አሉኝ አባባ?”

“ስድስት ሰው ነው ያለው። ሁለቱ ገመድ ይዘዋል፣ አንዱ መስመር ያወጣል፣ ሁለቱ ይዘራሉ፣ አንዷ ሴትዮ ከኋላ አፈር ትመልሳለች። ማሳዋ ደግሞ ግማሽ ቃዳ አትሞላም።”

ልጅቱ ፈገግ ብላ ወደ ዘሩ ልትመልሳቸው ሞከረች። ሽማግሌው አዲስ ነገር የሚፈሩ አይደሉም፤ “ስድስት ስልሳ” የሚባለውን የበቆሎ ዝርያ በመስመር መዝራት ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ነው። በቆሎ ግን ፍሬው ትልቅ ነው፤ በሬ ጠምዶ ከኋላ አንድ ልጅ እየጣለ ይሄዳል። ጤፍ በሐምሌ ጭቃ፣ መሬቱ በከብት ተረግጦ፣ ዝናብ ሳይቀድም ጠዋቱን በእጅ ተበትኖ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጤፍ በመስመር ብዙ ቦታ የተተወው ገበሬው ጥቅሙ ሳይገባው ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ሥራው የሰው እጅ ይበላል። ሽማግሌው ይህን ያወቁት በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ከነጠላ ላይ፣ ማንም ቁጠሩ ሳይላቸው ነው።

“ዘሩስ አባባ? አምስት ኪሎ ብቻ እኮ ነው” አለቻቸው።

“አይቻለሁ ልጄ፣ መልካም ነው። ወንፈል እንዳልጠራ ሁሉም የየራሱን ይዘራል። ልጆቹም ከተማ ናቸው” አሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። ፕሮጀክተሩ ገና አልጠፋም፤ ነጠላው ላይ ስድስቱ ሰዎች እንደ ቆሙ ናቸው። ሽማግሌው በበትራቸው ወደነሱ ጠቆሙ።

“እነዚህን ይዘሻቸው ነይ።”