በሰፈር መካከል የሚመላለስ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሊቀ ነቢያት ሙሴ ለእስራኤል ከሰጣቸው ሕግጋት አንዱ በዐውደ ምሕረት ሲሰበክ እምብዛም አይሰማም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 የሚገኘው ነው። ወጥቶ የሚሰፍር ሰው ሁሉ ከትጥቁ ጋር መቆፈሪያ እንዲይዝ፣ ለመጸዳዳት ከሰፈር ውጭ እንዲሄድ፣ ጉድጓድ ምሶም ከእርሱ የወጣውን በአፈር እንዲከድን ያዝዛል። ይህን ክፍል የሚያነብ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፈጠን ብሎ ያልፈዋል። ሙሴ ግን የሚያሳፍር ነገር እንደ ተናገረ አይቆጥርም። የሚሰጠውም ምክንያት እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ እግዚአብሔር ሕዝቡን ሊጠብቅ በሰፈራቸው መካከል ይመላለሳልና፣ ነውር አይቶ ፊቱን እንዳይመልስ ነው። ታቦቱ ባለበት ሰፈር መቆፈሪያውም ነበረ።

ይህ ሕግ ምን ያህል የሕይወት ሕግ እንደ ሆነ ስደተኛ በተከማቸበት ስፍራ ይታያል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ በረኃብና በጦርነት የተነሣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በገዳሪፍ ምድር በሚገኘው በኡም ራኩባ ሰፈር ከክርስቲያኑ ጎን ቤተ እስራኤልም ሰፍረው ነበር። እነዚህ ወገኖች በአገራቸው ሳሉ መንደራቸውን በወንዝ ዳር የሚሠሩ፣ ስለ ንጽሕና ሕጋቸውም በውኃ መታጠብን የሚያዘወትሩ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ውኃ ውኃ ይሸታሉ እስኪሉአቸው ድረስ በመታጠባቸው ይታወቁ ነበር። በሰፈሩ ግን ለመታጠብ ቀርቶ ለመጠጥ የሚበቃ ንጹሕ ውኃ ታጣ። ኩፍኝ፣ ወባና ተቅማጥ ገቡ። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ያረፉት ቤተ እስራኤል ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ሕጉ ውኃ የነበረ ሕዝብ በውኃ እጦት አለቀ።

ከዚህም ጋር የሚነገር ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ ማን እንደ ሆኑ እንዳይታወቅ ይደብቁ ነበር፤ ማንነቱን የሚደብቅ ሰው ደግሞ ሕመሙንም ሊደብቅ ይገደዳል። እዚህ ላይ ክርስቲያን አንባቢ ቆም ሊል ይገባዋል። ፍርሃቱ ሁሉ በሱዳን የተጀመረ አልነበረም። ለዘመናት ርስት የተከለከለና ቡዳ እየተባለ የተሰደበ ሰው ልጁ በተቅማጥ ሲደክምበት ለጎረቤቱ ለመንገር ቢፈራ፣ ያ ፍርሃት በማን እጅ ተዘራ? ተቅማጥ ግን ሃይማኖት አይጠይቅም። ከአንዱ ጎጆ በስተኋላ የቀረ እድፍ በዝናብ ታጥቦ ሁሉም ወደሚቀዳበት ኩሬ ይወርዳል። የተናቀውም የናቀውም ከዚያው ይጠጣሉ።

በስደተኞች መካከል የሚያገለግሉ ሰዎች ከብዙ ሞት በኋላ የተማሩት ልክ አለ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። አንድ መጸዳጃ ከ20 ሰው በላይ ሊጠቀምበት አይገባም፤ ጉድጓዱም ከውኃው ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይላሉ። ሕፃናቱም ገና እንደ ደረሱ የኩፍኝ ክትባት ይሰጣቸዋል፤ በተጨናነቀ ሰፈር ኩፍኝ ጊዜ አይሰጥምና። ቁጥሮቹ ደረቅ ይመስላሉ። ሆኖም 20 ሰው የሚለው 200 ሲሆን ሰዎች በየሜዳው ይወጣሉ፤ ሴቶችም ከኀፍረትና ከስጋት የተነሣ ጨለማን ይጠብቃሉ፤ እህሉ በጊዜ ቢደርስ እንኳ ሕፃኑ የበላው በሆዱ አይረጋም።

ከኡም ራኩባ 14 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1963 ዓ.ም.፣ ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ገብተው ነበር። ባንጋኦን በተባለችው የድንበር ከተማ ኮሌራ ተነሣ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም ሕሙማኑን በወለል ላይ ተነጥፈው አገኛቸው። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ለመስጠት በትውከታቸውና በተቅማጣቸው ላይ መንበርከክ ግድ እንደ ነበረበት ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግሯል። ያም ፈሳሽ ሊያልቅ ሲል ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በበርሜል ውኃ አስበጠበጠ፤ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶችም በኩባያ እየቀዱ ሕሙማናቸውን እንዲያጠጡ አደረገ። ከመቶ ሕሙማን 30 ያህል ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ሆነ። በአገራችን ሕይወት አድን የሚባለው ንጥረ ነገር ይህ ነው። በቤትም ቢቸግር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በልክ ተለክቶ ቢበጠበጥ፣ ሕክምና እስኪገኝ ድረስ ነፍስ ያቆያል።

ተሳላሚ በጎልጎታ ይሰግዳል፤ ግንባሩ ቅዱሱን ድንጋይ ይነካል። ይህ ስግደት አይቃለልም። ነገር ግን ጌታ በሕማሙ ዋዜማ በደቀ መዛሙርቱ እግር ሥር ጎንበስ ብሎ የመንገድ ትቢያ አጥቧል፤ ቤተ ክርስቲያንም በጸሎተ ሐሙስ ይህን እያሰበች ሕፅበተ እግር ትፈጽማለች። በወንበዴዎች የተደበደበውን ሰው ያነሣው ሳምራዊም የሰውየውን ሃይማኖት አልጠየቀም፤ ቁስሉን አሰረ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት፣ ለእንግዳ ማረፊያውም ከኪሱ ከፈለ። አስቀድመው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ነበሩ። ይህን ለካህናት መንገር አያስፈልግም፤ ያውቁታል።

ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላና መጋረጃ ይሳላል። ለመጸዳጃ ጉድጓድ የተሳለ ሰው ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ጉድጓድ የሚቆፍረውም በአገር ቤት ይናቃል፤ ማዕድ ላይ ሥራው ቢነሣ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል። ሕዝብ በሚበዛባቸው የጸበል ስፍራዎች እንኳ ኮሌራ ገብቶ ለፈውስ የመጡትን የጎዳበት ጊዜ አለ። የዚያን ጊዜ ከሁሉ የሚፈለገው አካፋ የያዘ ሰው ነው።

ኡም ራኩባም ባዶ ሆኖ አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በዚያው ስፍራ ዳግም ሰፈሩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሱዳን የተሻገሩት ከ50,000 በላይ ሆኑ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዓለ ልደትን በዚያ ከየቤታቸው ርቀው አከበሩ። እንደ ቀድሞው ውኃ መቅዳት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ሕሙም መለየት አስፈለገ። መሬቱ ያው ነው፤ የፊተኞቹ ሙታንም በአቅራቢያው ተቀብረዋል።

የዮርዳኖስን ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ ለቤተ ዘመድ የሚወስድ ተሳላሚ ይህን ቢያስብ መልካም ነው። በኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ፣ በሱዳን መንገድ ላረፉት ቤተ እስራኤል መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በአይሁድ አቆጣጠር በኢያር 28 ቀን በየዓመቱ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በዚያ ይሰበሰባሉ፤ አሮጊቶቹ የሚያለቅሱት በአማርኛና በትግርኛ ነው። ከጎልጎታ እስከዚያ ሩቅ አይደለም። በሌላው ቀን የሚወጣ ተሳላሚ ስፍራውን ጸጥ ብሎ ያገኘዋል፤ ቆሞ ስለ ሙታኑ ሊጸልይ ይችላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።