የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን፤ ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ልብስና ምግብ ያጣውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው አጥብቆ ይገሥጻል (ያዕ. 2፥15-16)። እኛም በየጸሎታችን የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ እንዳያሳጣን አምላካችንን እንለምናለን። ዳሩ ግን ሁለቱ ስለ ምን አብረው እንደሚጠሩ የምናስተውል ጥቂቶች ነን። ምክንያቱ ፈጣሪ በገላችን ውስጥ ካኖረው ሥርዓት ይገኛል።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሻምቡ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትደርሳለች። ስለዚህ የዴዴሳ ሸለቆ በሚሞቅበት ሰዓት እንኳ በደጋው ያለ ሰው በሐምሌ ዝናምና ጭጋግ፣ በታኅሣሥም በጠራው ሌሊት ብርድ ያገኘዋል። የሰው ገላ ግን ውጪው ቢቀዘቅዝም ውስጡ በ37 ዲግሪ ገደማ ጸንቶ ይኖር ዘንድ ተሠርቶአል።

ይህ ሙቀት ከየት ይመጣል? ከምንበላው ምግብ ነው። ምግብ በሥጋችን ውስጥ እንደ ማገዶ ቀስ እያለ ይነዳል። ብርድ በጸና ጊዜ መንቀጥቀጣችንም ከንቱ አይደለም፤ ጡንቻዎቻችን በመንቀሳቀስ ሙቀት ያወጣሉና። ከቆዳ በታች ያሉት የደም ሥሮችም ይጠባሉ፤ ደሙ ከጣትና ከእግር ሸሽቶ ልብንና አንጎልን ለመጠበቅ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። የውስጡ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን አሳብ ይደነግዛል፣ አንደበት ይተሳሰራል፤ የሚረዳ ካልተገኘም ሞት ይከተላል።

እንስሳትንም እንመልከት። የመንዝ በግ በብርዳሙ አገሩ ሱፍ ለብሶአል፤ የወለጋው የሆሮ በግ ግን ጠጉሩ አጭር ነው። ዶሮ በብርድ ጊዜ ላባዋን ትነፋለች። በባሌና በስሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮም በሜዳ ሲተኛ ተጠቅልሎ አፍንጫውን በጅራቱ ይሸፍናል። ሱፍና ላባ በራሳቸው እሳት የላቸውም፤ በመካከላቸው አየርን ይዘው ከገላ የወጣው ሙቀት እንዳይበተን ይከለክላሉ እንጂ። የጋቢና የቡልኮ ሥራም ይኸው ነው።

እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍናሉ፤ ጠዋትም እሳቱን ያገኙታል። አመዱ እሳቱን ጠበቀ እንጂ አልወለደውም። ፍም በሌለበት አመድ ቢከመር ግን ጠዋት የሚገኘው አመድ ብቻ ነው። እንዲሁም የተራበ ሰው ጋቢ ቢደርብ የሚጠበቅ ሙቀቱ ጥቂት ነው፤ የበላ ሰው ራቁቱን ቢያድርም ያገኘው ሙቀት ለነፋስ ይሆናል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ሰጥተን ትእዛዙን የፈጸምን አይምሰለን።

ምጽዋትም ማስተዋል ይሻል። ውኃ የገላን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ስለዚህ በክረምት በደጀ ሰላም ለሚያድረው ነዳይ እርጥቡን ልብስ በደረቅ መለወጥ፣ ከመሬቱም ቅዝቃዜ የሚለየውን ሣር ወይም ቁርበት ማንጠፍ ይገባል። ያሞቀዋል ብሎ አረቄ ማጠጣት ግን ምጽዋት አይደለም፤ አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ለጊዜው የሞቀን ያስመስላል፣ የውስጡን ሙቀት ግን ወደ ውጭ ያፈስሰዋል።

ካህናት አባቶቼ ሆይ፤ ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ለጥምቀት የሚመጡት ሕፃናት እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጠው ሊሞቁ አይችሉም፤ ትንሹ ገላቸውም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሥርዓቱ ሳይጓደል፣ የክርስትና አባትና እናት ደረቅና ንጹሕ ልብስ ይዘው ይጠብቁ፤ ሕፃኑም ተደራርቆ፣ ራሱ ተሸፍኖ፣ ሳይዘገይ ወደ እናቱ ደረት ይመለስ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከካማሺ አካባቢ በግጭት የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወደ ነቀምቴና ወደ ሌሎች የወለጋ ከተሞች በገቡ ጊዜ፣ የሐዋርያው ተግሣጽ በየደጃችን ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ካለው ያካፈለ ዋጋውን ከአምላኩ ያገኛል። ሁለተኛ ጋቢውን በሣጥን ቆልፎ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ብሎ ያለፈ ግን ዛሬም የንስሓ ጊዜ አለውና ሣጥኑን ይክፈት፤ በብርድ የሚያድር ድሀ ከየደጁ አልታጣምና።

ጻድቁ ኢዮብ የድሀው ጎን በበጎቹ ጠጉር ሞቆ እንደ ባረከው በአምላኩ ፊት ለመናገር ድፍረት ነበረው (ኢዮብ 31፥19-20)። ሥጋዊ ገላ ልቡን ለማዳን ሲል ጣቱን ለብርድ ይተዋል። የክርስቶስ አካል የሆነች ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ልታደርግ አትችልም፤ በእርስዋ ዘንድ ታናሹ ብልት ሲቀዘቅዝ ሙቀት ከልብ ወደ እርሱ ሊፈስ ይገባልና። የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ የሰጠን አምላክ የምናካፍልበትን ልብ አብሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።