በቬኒስ አደባባይ ስለምን ሳቅን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንግደት ወደ ሮም ሄደን በነበረ ጊዜ፥ ሁለት ቀን ተርፎን ቬኒስን በእግራችን ጎበኘን። መኪና በማይገባባት በዚያች የባሕር ከተማ አስጎብኚያችን ከፊት ከፊት እየቀደሙ ከሪያልቶ ድልድይ በጠባቡ መንገድ ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ወሰዱን። ከመካከላችን የማጀቴ ተወላጅ የሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከድልድይ ወደ ድልድይ በወጣንና በወረድን ቁጥር «ይህስ ከእኛ አገር አቀበት በምን ይሻላል?» እያሉ ያጫውቱን ነበር።

በባዚሊካው ፊት ቆመን ሳለ አስጎብኚው የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም እንዴት ወደዚያ እንደ መጣ ተረኩልን። እ.ኤ.አ. በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሰርቀው አወጡት፤ ትውፊቱ እንደሚለው፥ የወደቡ ፈታሾች ሙስሊሞች ነበሩና እጃቸውን እንዳይሰድዱ የአሳማ ሥጋ ደረቡበት። የዐፅሙ መምጣት በቤተ ክርስቲያኑ ግንባር ላይ በሞዛይክ ተሥሏል። ሁላችንም ሳቅን። የማጀቴው አባትም «የኬላ ሰው እንዲህ ነው የሚታለለው» አሉ።

ማታ በማረፊያችን ግን ያ ሳቅ ከነከነን። የተሰረቀችው እስክንድርያ የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የተሾሙባት መንበር ናት። የራሳችን ወገን በተዘረፈበት ታሪክ ስለምን ሳቅን? መልካም ነገር የመጣበትን ክፉ መንገድ እያወቀ የሚያደንቅ ሰውስ ከበደሉ ይካፈላልን?

አይካፈልም የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነትም አላቸው። ዐሥራ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈውን ስርቆት የዛሬ ጎብኚ አልሰረቀውም፤ ኃጢአትም እንደ ርስት በዘር አይወረስም። ሆኖም በደል ጨዋታ ሆኖ ሲቀርብ መሳቅ ፈቃድን እንደ መስጠት ነው። ነጋዴዎቹም ቢሆኑ ምክንያት አላጡም፤ ገዥው የቤተ ክርስቲያኑን ድንጋይ ለራሱ ሕንፃ ሊያፈርሰው ነውና ዐፅሙን አዳንነው አሉ። የወሰደ ሁሉ አዳንኩ ማለቱ የቆየ ልማድ ነው።

ከዚያው ከባዚሊካው በላይ አራት የነሐስ ፈረሶች ቆመዋል። ቬኒሳውያን እ.ኤ.አ. በ1204 ከተዘረፈችው ከቁስጥንጥንያ ያመጧቸው ናቸው፤ ዛሬ በውጭ የሚታዩት ግን ቅጂዎች ሲሆኑ የጥንቶቹ በውስጥ ይገኛሉ። በ1797 ናፖሊዮን ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፥ በ1815 ተመለሱ። ናፖሊዮን ሲወስዳቸው ዝርፊያ የተባለው፥ ከቁስጥንጥንያ ሲመጡ ድል ነበረ! በዚህ ላይ ግን እኛም ፈጥነን አንፍረድ።

ዘመን መርዘሙ በደልን አይዘጋም ስንል ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1968 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ከቅዱስ ማርቆስ ዐፅም ከፍለው ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለአቡነ ቄርሎስ 6ኛ መለሱ። በካይሮ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር። አስጎብኚያችን የአሳማውን ሥጋ ሲተርኩ ይህን አላነሡትም።

በማግስቱ ጧት ግን የማጀቴው አባት ነገሩን ወደ ቤታችን አዞሩት። «የእኛንስ መንገድ ማን ያስጎበኘናል?» አሉ።

መንገዱ ይፋት ነው። በ1519 እና በ1524 መካከል አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኒሳዊ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ የአገራችንን መንገዶች ጽፎ ነበር፤ በዚያም ገንደበሎ የተባለች ታላቅ የንግድ ከተማ ትገኛለች። ከዘይላ የመጣው ግመል ጭነቱን በዚያ ያራግፍ ነበር፤ በገበያዋም የቬኒስ ዱካት ይመነዘር ነበር። ባሕር ባይኖራትም ወደብ ነበረች ማለት ይቻላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ከአንኮበር ግርጌ አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴው መናኸሪያ ነበረች። በአቅራቢያዋ በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከሰውም ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር። የተሸጡት በዚያው የግመል መንገድ ወደ ባሕር ወረዱ።

እንግዲህ አንድ መምህር የማጀቴን ወይም የሸዋ ሮቢትን ልጆች እየመራ በዚያ ቢያልፍ የት ላይ ይቁም? ስለ ቡናውና ስለ ጨው አሞሌው ብቻ ቢያወራ የቬኒሱን አስጎብኚ ሆነ። ሁሉን እንዳለ ቢናገር ደግሞ፥ በጋብቻ ጊዜ ዘር ቆጥሮ ሰውን ማቃለል ባልጠፋበት አገር የተሸጡትን ልጆች ዳግመኛ ያዋርዳል። እኛ፥ የሻጩንና የቀራጩን ሥራ ይንገር፥ የተሸጡትን ትውልድ ግን አይቁጠር አልን።

አዛውንቱ ግን በዚህ አልረኩም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ቀራጩስ የማን አያት ነበር?» ብለው ጠየቁን።