የፓምፑ አፍ

ነገሩ የሆነው ካዛንቺስ ሳትፈርስ፣ ከ2017 ዓ.ም. በፊት ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ይኖሩ ነበር። ኮሮላ ዲኤክስ ነበረቻቸው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ስንቴ ዞሮ ከዜሮ እንደ ጀመረ እሳቸውም አያውቁም፤ ሲገዟት ነጭ ትሁን ክሬም ሰፈርተኛው እስከ መጨረሻው እንደተከራከረ ነው።

ዲኤክሷ ታንጠባጥብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአፍንጫዋ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የሲኒ አፍ የምታህል እርጥብ ክብ ትገኛለች። ሰውዬው ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ይከፍታሉ፣ የራዲያተሩን ክዳን ይፈታሉ፣ ከሃይላንዱ ይሞላሉ፣ ይሄዳሉ። ውሎ አድሮ ሲኒዋ ብርጭቆ አከለች። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታቸው «ጋሼ፣ ግቢውን እኮ አጨቀየችው» ማለት ጀመረች። እሳቸውን የከነከናቸው ውሃው ሳይሆን ይሉኝታው ነው።

አንድ ቅዳሜ የእህታቸው ልጅ መጣ። ካርቶን አንጥፎ ሥሯ ገባና በስልኩ መብራት ፈለገ። ከውሃ ፓምፑ ሆድ በታች የክብሪት እንጨት የምታስገባ፣ ክብ፣ የተስተካከለች ቀዳዳ አለች። ጠብታው የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ዙሪያዋም ዝገት ቀለም ያለው የደረቀ መስመር ተስሏል። «አገኘሁት!» አለ። ከሁለት ቱቦ እያደባለቁ የሚሠሩበትን የብረት ማጣበቂያ አዋህዶ ጥርቅም አድርጎ ደፈናት።

እሑድ ጠዋት ሲሚንቶው ደረቀ። ሰኞም ደረቅ ነው። ልጁ ክትፎ ተጋበዘ። ሃይላንዱ ከመኪናዋ ወጥቶ የአበባ ማጠጫ ሆነ። ሰውዬውም ኮፈን መክፈት ተዉ፤ ደረቅ መሬት የሚያይ ሰው ምን ብሎ ይከፍታል?

በሦስተኛው ሳምንት ከፊት በኩል የፌንጣ ዓይነት ጩኸት መጣ። ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አራት ኪሎ የሚያወጣውን ዳገት እንደ ያዙ ብረት ብረትን ሲከረክር ተሰማ። ፋኑ ከቦታው ተነቅሎ የራዲያተሩን ሆድ ዘንጥሎታል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ነውና እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተር ውስጥ ከ110 በላይ የሚታገሠው ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚይዝለት ብቻ ነው፤ ራዲያተሩ ሲቀደድ ያ ግፊት በአንድ ትንፋሽ ወጣ። መስተዋቱን ነጭ እንፋሎት ሸፈነው። ሰውዬው ግን ዳገት መሐል መቆሙ አሳፈራቸውና ሜዳው እስኪደርሱ ነዷት። ጓርኒሲዮኑን የበላችው ያቺ ጥቂት መንገድ ናት።

ተጎትታ ቂርቆስ አንድ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ፓምፑን ፈትቶ መዳፉ ላይ አደረገው፣ በቡትቶ ጠረገው፣ ማጣበቂያውን በካቻቪቴ ጫፍ ፈልቅቆ ጣለ።

«ጋሼ፣ ይቺን ማን ደፈናት?»

«የእህቴ ልጅ። ቀዳዳ ነበረች።»

«ቀዳዳዋማ የፋብሪካ ናት።» ፓምፑን አዞረላቸው። «ይኸውልዎ፣ በዚህ በኩል ውሃ አለ፣ በዚህ በኩል ኩሽኔታው በግሪሱ ተቀምጧል። መሐላቸው ማሸጊያ አለች። ማሸጊያዋ ስትደክም ውሃው ኩሽኔታው ጋ ሳይደርስ በዚህች ይውጣ ብለው ነው የበሷት። አፉ ናት። ‹ደከመኝ፣ ቀይሩኝ› የሚልባት።»

ሰውዬው ዝም አሉ። አፉ ሲዘጋ ውሃው በውስጥ ሄዶ ግሪሱን አጠበው፣ ኩሽኔታው ደርቆ ጮኸ፣ ተበላ፤ ፋኑ የታሰረው ደግሞ በዚያው ዘንግ ላይ ነው።

«ማሸጊያዋስ ምን አደከማት?»

«ምን ነበር የሚሞሉት?»

«የቧንቧ ውሃ።»

መካኒኩ ቀዩን ዝገት በጣቱ አንስቶ አሳያቸው። አገራችን ውሃ በረዶ አይሠራም ብለን ኩላንትን የፈረንጅ ቅንጦት አድርገነዋል እንጂ ትልቁ ሥራው ዝገት መከላከል ነው። ዝገት ማሸጊያን እንደ አሸዋ ይፍቃል። በአንድ ፓምፕ ያልቅ የነበረው ነገር ራዲያተር ማስበየድ፣ ቴስታታ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ፣ ጓርኒሲዮን መግዛት ሆነ። አዲሱ ፓምፕ ሲመጣ ሰውዬው ከመታሰሩ በፊት ተቀብለው ገለበጡት፣ የክብሪት እንጨትም ሰደዱበት። ገባች።

ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ነው፤ የዕድራችን አባል ነበሩ። እኔ ደግሞ ጸሐፊው ነበርኩ፤ ሲያጫውቱን ሌላው ሲስቅ እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ ምክንያት ነበረኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስንል ጥፋቱን በታማሚው ላይ እንጥላለን። ፓምፑ ግን መቼ ደበቀ? በየማለዳው ሲሚንቶ ላይ ሲጽፍ ነበር። በእኛ ዕድር ውስጥም እንዲህ ያሉ አንዲት እማማ ነበሩ። በየወሩ ተነሥተው «ድንኳኑ በስብሷል፣ አንድ ሰው ዘርግቶ ይየው» ይላሉ። አንድ ቃል ሳይለውጡ፣ በየወሩ። ስብሰባው ጨቀየ። የአባላት አስተያየት የሚሰማበትን ሰዓት ወደ መጨረሻ እናዙረው ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ሰዓት አልቋል። ቃለ ጉባኤዬም አማረ፤ ሁለት ገጽ የነበረው ግማሽ ገጽ ሆነ። ስለ ሥርዓታችን ተጨበጨበልን፣ እኔም አጨበጨብኩ።

በነሐሴ አንድ አባል አረፉ። ድንኳኑ ተዘረጋ፣ ሌሊት ዝናብ ጣለ። ከመሐል ስፌቱ ውሃ ይንቆረቆር ጀመር፤ ለቀስተኛው ወንበሩን እየጎተተ ወደ ጥግ ተጠጋ። እኔ መብራቱን አስተካክላለሁ ብዬ ዞር አልኩ።

እማማ ምንም አላሉም። ከጓዳ ሳፋ ይዘው መጡ፣ ከሚያፈሰው ሥር አስቀመጡ፣ አጠገቡ ተቀመጡ። እስኪነጋ ድረስ ሳፋው ሲሞላ ይጠሩኛል፣ እኔ እደፋለሁ።