ፊቱ አንድ፣ ጀርባው ሠላሳ

አንድ የሚያምር ነገር ፊታችን ሲቆም ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ግዴታ አለብን? ወይስ ውበት ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ ማየት ይበቃል? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ይመስላል። ግን «ብሪጅርተን»ን በሁለት ሌሊት ጨርሶ፣ ከዚያ ደግሞ የእንግሊዝን የመኳንንት ቤቶች ኢንስታግራም ላይ ሲያሳድድ ያነጋ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። ትኬት ቆርጦ የሚሄደውማ በእግሩ ነው የገባበት።

እንግሊዝ ውስጥ ድራማ የተቀረጸባቸውን ቤቶችና ከተሞች እየዞሩ ማየት ራሱን የቻለ የጉዞ ዓይነት ሆኗል። «ዳውንተን አቢ»ን የወደደ ሃይክሌር ካስል ይሄዳል። የ1995ቱን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የወደደ ላይም ፓርክ፣ የ2005ቱን የወደደ ቻትስወርዝ። ካስል ሃዋርድ ደግሞ በ1981 የ«ብራይድስሄድ» ቤት ነበር፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በ«ብሪጅርተን» የመስፍኑ ቤት ሆኖ ተመለሰ። ባዝ የምትባለው ከተማ ግን ከሁሉም ትለያለች፤ እዚያ አንድ ቤት ሳይሆን ከተማው በሙሉ ነው ፊልም የሚመስለው። ማር የሚመስል ቀለም ካለው ድንጋይ ተሠርታ፣ በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጄን ኦስተን ከ1801 እስከ 1806 ኖራባታለች።

ባዝ ውስጥ ሮያል ክሬሰንት የሚባል እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቀየሰ ሕንፃ አለ። ከ1767 እስከ 1774 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ከፊት ሲታይ አንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው፤ 114 ዓምዶች በአንድ ልክ ተደርድረዋል። እውነቱ ግን ሠላሳ ቤት ነው። አርክቴክቱ ጆን ዉድ ልጅየው የነደፈው የፊቱን ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ቦታ የገዛ ሰው ሁሉ የራሱን አናጺ ይዞ እንደ ፍላጎቱና እንደ ኪሱ ሠራ። ዞር ብላችሁ ከኋላ ብታዩት ጣሪያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ መስኮቱ አይገጥምም፣ አንዱ ቤት ወጣ ሌላው ገባ ይላል። «ብሪጅርተን» ላይ የፌዘሪንግተኖች ቤት ሆኖ የምናየው የዚህ ሕንፃ ቁጥር 1 ነው። በእርግጥ ከፊት።

እኔ ከዚህ የተሻለ የነገሩ ማስረጃ አላገኘሁም። ፊቱ አንድ ነው፤ ሁላችንንም ደስ ይለናል። ጀርባው ግን ሠላሳ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱም «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ የራሱ መልስ አለው።

ከመልሶቹ አንዱ ስኳር ነው። በባዝ ከፍታ ላይ የቆመውን ግንብ ያሠራው ዊልያም ቤክፈርድ፣ ሀብቱ የመጣው ቤተሰቡ ጃማይካ ውስጥ ከነበረው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው። እርሻውን የሚያርሱት ደግሞ ከአፍሪካ ተግዘው የሄዱ ባሪያዎች ነበሩ። ኦስተን ራሷ ይሄን ታውቅ ነበር። በ1814 የታተመው «ማንስፊልድ ፓርክ» ውስጥ ባለ ትልቁ ቤት ሰውዬ አንቲጓ ላይ ንብረት አለው። ልጅቷ አንድ ቀን ስለ ባሪያ ንግድ ትጠይቀዋለች፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን ዝምታው ስኳር ነበር።

ሌላው ሊድስ አጠገብ ያለው ሄርውድ ሃውስ ነው። «ቪክቶሪያ» የሚለው ተከታታይ ድራማ ተቀርጾበታል፤ በ2019ኙ የ«ዳውንተን አቢ» ፊልም ላይም አለ። ከ1759 ጀምሮ ያሠራው የላሴልስ ቤተሰብ በባርቤዶስና በሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች እርሻና ባሪያዎች ነበሩት። እንግሊዝ በ1833 ባርነትን በሕግ ስታስቀር ለባለቤቶቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፤ ይህ በጊዜው የመንግሥቱ የዓመት ወጪ አርባ በመቶ ያህል ነበር። የሄርውድ ጌታ ከ1,200 በላይ ለሆኑ ሰዎች ከ26,000 ፓውንድ በላይ ተቀበለ። ሰዎቹስ? ሰዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። እንዲያውም አብዛኞቹ «ተለማማጅ» ተብለው እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው በነጻ እንዲሠሩ ተደረገ።

መንግሥት ያንን ካሳ ለመክፈል የተበደረው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። አዎ፣ በ2015። ያ ማለት ከካሪቢያን ሄዶ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ፣ የባሪያ የልጅ ልጅ የሆነ ሰው፣ ከደመወዙ በተቆረጠው ግብር የአያቶቹን ጌቶች ዕዳ ሲከፍል ኖሯል ማለት ነው። ከ2015 በፊት እዚያ ሀገር ሠርቶ ግብር የከፈለ ሐበሻም ከዚህ አላመለጠም። ስለዚህ «ያለፈ ነገር ነው» ለሚል ሰው ቢያንስ ይሄን ደረሰኝ ማሳየት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ቀላል መልሶች ይመጣሉ። ሁለቱም ግን ቀላልነታቸው ራሱ ያጠራጥራል።

የመጀመሪያው «ድንጋይ ምን በደለ?» የሚለው ነው። ሕንፃው አልገረፈም፣ አልሸጠም። ያጠፉት ሞተዋል። እኔ የ25 ዓመት ልጅ ሆኜ የማላውቀውን ሰው ኃጢአት ለምን እሸከማለሁ? ይሄ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። ጥፋት በደም አይወረስም፤ ይወረሳል ካልን ማናችንም ንጹሕ ሆነን አንገኝም። ግን የዚህ ክርክር ባለቤቶች አንድ ነገር ይረሳሉ። እነዚህ ቤቶች እኮ ትኬት የሚሸጡት በታሪካቸው ነው። የሦስተኛው ኧርል ፈረስ፣ የአምስተኛዋ እመቤት ቀሚስ፣ ማን ከማን ጋር እንደጨፈረ ሁሉ ይነገራል። ደስ የሚለውን ታሪክ ወርሶ የሚከብደውን «ያለፈ ነው» ማለት፣ ውርስ ሲከፋፈሉ ቤቱን ወስዶ ዕዳውን ለሌላ እንደመተው ነው። ወይ ሁለቱም አልፈዋል፣ ወይ ሁለቱም አሉ።

ሁለተኛው መልስ «አትሂዱ፣ አትዩ» የሚለው ነው። በደም የተሠራን ነገር ማድነቅ ከደሙ መካፈል ነው ይላል። ንጽሕናው ደስ ይላል። ግን እስኪ እናስበው፤ እነዚያን ዓምዶች የጠረቡት መኳንንቱ አይደሉም። ድንጋዩን የቆረጠው፣ ጣሪያው ላይ አበባ የቀረጸው፣ ሐሩን የሸመነው ሠራተኛ ነው። ቤቱን ላለማየት ስንምል የባለቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን የእነዚያን እጆች ሥራም አብረን እንቀብራለን። ደግሞስ ካላየነው በምን እናውቀዋለን? ብዙ ጊዜ ከመሄድ የሚከለክለን ሕሊና ሳይሆን፣ መረበሽ አለመፈለግ ነው።

በ2020 ናሽናል ትረስት የተባለው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሪካዊ ቤቶችን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ከሚጠብቃቸው ስፍራዎች 93ቱ ከባርነት ወይም ከቅኝ ግዛት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። የፓርላማ አባላት ሳይቀሩ ተቃወሙ። ጉዳዩን ያየው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪ ግን በ2021 ትረስቱ ሕግ አልጣሰም አለ። እኔን የሚገርመኝ የቁጣው ዓይነት ነው። ሪፖርቱ ቤት አላፈረሰም፣ በር አልዘጋም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎብኚውን ወደ ጀርባው አዞረው። ሰዎች የተቆጡት እውነቱ ውሸት ነው ብለው ሳይሆን የእሑድ ሽርሽራቸውን ስላበላሸባቸው ይመስላል።

«ብሪጅርተን»ስ? ጥቁር መስፍን ካስል ሃዋርድን የመሰለ ቤት ጌታ ሆኖ፣ ጥቁር ንግሥት ዙፋን ላይ ተቀምጣ ስናይ ደስ ያለን ብዙ ነን። ያንን ደስታ አላናንቅም፤ እኛን የሚመስል ሰው በዚያ ደረጃ ላይ ሲወርድ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ግን ድራማው የቀየረው የባለቤቱን መልክ እንጂ የቤቱን ሥርዓት አይደለም። ሻዩ ውስጥ ያለው ስኳር ከየት እንደመጣ እዚያም የሚጠይቅ የለም። ሕልም ነው፤ ሕልም ደግሞ መብት ነው። ችግሩ ሕልሙን አይተን ስንነቃ ሕልም መሆኑን የረሳነው እንደሆነ ነው።

አሁን ወደሚያመን ቦታ እንምጣ። ባዝ ውስጥ የዘመኑን ቀሚስ ለብሰው ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ሞልተዋል። ሁሉም እመቤት ነው፣ ሁሉም ጌታ ነው። የገረድ ልብስ ለብሶ ባልዲ ይዞ ፎቶ የሚነሳ ብዙ አይታይም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን እንግሊዝ ውስጥ ከማንኛውም ሥራ ይልቅ ብዙ ሴቶች ተቀጥረው የሚኖሩበት የቤት ሠራተኝነት ነበር። ማለትም አብዛኞቻችን በዚያ ዘመን ብንወለድ ዕጣችን ከላይ ሳይሆን ከታች ነበር። ስለ «ዳውንተን አቢ» አንድ የምወደው እውነት አለ፦ የላይኛው ፎቅ ሳሎኖች እውነተኛው ሃይክሌር ናቸው፤ የሠራተኞቹ ወጥ ቤትና ክፍሎች ግን ለንደን ስቱዲዮ ውስጥ በእንጨትና በቀለም የተሠሩ ናቸው። የእውነተኛው ቤት ምድር ቤት አሁን የግብፅ ኤግዚቢሽን ነው፤ የቤቱ ባለቤት የነበሩት አምስተኛው የካርናርቨን ኧርል በ1922 የቱታንካሙን መቃብር የተገኘበትን ቁፋሮ በገንዘባቸው የደገፉ ሰው ስለነበሩ። ጌቶቹ ሳሎናቸው ተጠብቆላቸዋል። ሠራተኞቹ እንዲታዩ ግን አዲስ ቤት መሥራት ግድ ሆነ።

ይሄን የሚያነብ የአዲስ አበባ ልጅ «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል ያውቃል። ከግቢው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል፤ አልጋና ሻንጣ ከገቡባት በኋላ ሰው የማይበቃባት። እዚያ የምትተኛዋ ልጅ ከገጠር ስትመጣ አሥራ አራት ዓመቷ ሊሆን ይችላል። ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠን «ዳውንተን» ላይ ላለችው ገረድ እያዘንን፣ «አንቺ፣ ውሃ አምጪ» ብለን የምንጣራትም እሷን ነው። የእሷ እህት ደግሞ ቤይሩት ወይም ሪያድ የሌላ ሰው ቤት ጀርባ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዞባት፣ ያንኑ ድራማ ስልኳ ላይ ታይ ይሆናል። በየትኛው ገጸ ባሕርይ ቦታ ራሷን እንደምታስቀምጥ አላውቅም። እኛ ግን ራሳችንን የት እንደምናስቀምጥ አውቃለሁ።

ባዝ ለእኛ ሌላም ነገር አላት። ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር ፌርፊልድ ሃውስ የሚባል ቤት አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በፋሺስት ወረራ ጊዜ በስደት የኖሩበት ነው፤ ከ1936 እስከ 1940። በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን እንዲሆን ሰጡት። እዚያ ቤት ስናስብ እኛ ተበዳይ ነን፤ ልክም ነው። ግን በዚያው ዘመን ሀገራችን ውስጥ ባርነት ገና አልጠፋም ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ ልታጠፋው ቃል ገብታ ነበር፤ ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው ንጉሡ ከስደት ከተመለሱ በኋላ፣ በ1942 ነው። ተበዳይና በዳይ አንድ ጣሪያ ሥር ሊያድሩ ይችላሉ። የእንግሊዞችን ቤት ጀርባ ስንመረምር የራሳችንን ቤት ጀርባ የምንዘል ከሆነ፣ የምንፈልገው ፍትሕ ሳይሆን ብልጫ ነው።

ታዲያ እንሂድ ወይስ እንቅር? እኔ እንሂድ ባይ ነኝ። እናድንቅም። ጥፋቱ የጎብኚው አይደለም። ለማወቅ ዕድል አግኝቶ አለማወቅን መምረጥ ግን የጎብኚው ነው። አስጎብኚው ስለ መጋረጃው ሲያወራ «ይሄን ማን ከፈለ? ማንስ ያጥበው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁለት ጥያቄ ነው። የቤቱን ውበት አይቀንሱም፤ የሚቀንሱት የእኛን ምቾት ነው፣ እሱም ለጥቂት ደቂቃ።

ሄርውድ ውስጥ ይሄ ሲሆን አይተናል። «ሆምላንድ» ላይ የምናውቀው ተዋናይ ዴቪድ ሄርውድ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ነው፤ ቅድመ አያቶቹ የላሴልስ ቤተሰብ ባሪያዎች ስለነበሩ የጌታው ማዕረግ መጠሪያቸው ሆኖ ቀረ። በ2023 የእሱ ፎቶግራፍ የመኳንንቱ ሥዕሎች ባሉበት በዚያው ቤት ተሰቀለ። አሁን ያሉት ኧርልም ስለ ቤተሰባቸው ሀብት ምንጭ በይፋ ይናገራሉ። ይሄ ዕዳውን አይከፍልም። አንድ ምስል ለ1,200 ሰው መልስ ሊሆን አይችልም። ግን ከእንግዲህ ወዲያ እዚያ ቤት የሚገባ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ መውጣት ይከብደዋል።

ግድግዳ ላይ ምስል መስቀል ደግሞ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የሞቱት ደመወዝ አይጠይቁም፣ እሑድ ዕረፍት ይሰጠኝ አይሉም፣ ማታ ትምህርት ቤት ልግባ አይሉም። ሰርቪስ ውስጥ ያለችው ግን ትጠይቃለች፤ ደፍራ ባትናገረውም። የሩቁን ቤት ጀርባ ማየታችን አንዳች ለውጥ ማምጣቱ የሚታወቀው እዚያ ባዝ ወይም ሊድስ ላይ አይደለም። ከጉዞው ወይም ከፊልሙ በኋላ በገዛ ግቢያችን ዞረን፣ ያቺን በር አንኳኩተን፣ ቢያንስ ሙሉ ስሟን የጠየቅናት ቀን ነው።